ማክሰኞ ዕለት አልነበርኩም

ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እትዬ፤

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ዓይንዎ፣ ያቺ የማታርፍ የስፌት መኪናዎ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ጋሼስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ በእኔ በኩል ሐሳብ አይግባዎ።

ይህን ደብዳቤ ስላዘገየሁ ይቅርታ። የእርስዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ በዚያው ቀን መመለስ ነበረብኝ። ጽሑፌ ስለተንጋደደም ይቅርታ፤ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ስልክ ላይ አይሰማዎትም እንጂ ደውዬ ድምፅዎን ብሰማ ደስ ባለኝ። እንዲህ ማለቴ ግን ጆሮዎን እንደ ጥፋት ቆጥሬ እንዳይመስልዎ፤ ይቅርታ። ስንት ዓመት በስፌት ፋብሪካ ጩኸት የደከመ ጆሮ ነው።

ለጋሼ ላኪልኝ ያሉኝን የደም ግፊት ክኒን አልረሳሁትም፤ እስካሁን ስላልላክሁ ይቅርታ። እዚህ ያለ ሐኪም ማዘዣ አንዲት ፍሬ ማውጣት ክልክል ነው። እንደምንም ብዬ ግን እልካለሁ። ጋሼንም ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

ሥራዬ ደህና ነው። አሁንም እዚያው መድኃኒት ቤት ነኝ። ፊት ለፊት ባንኮኒው ላይ ፋርማሲስቷ ትቆማለች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ካርቶን እፈታለሁ፣ መሳቢያ እሞላለሁ፣ የታዘዘውን አውጥቼ አቀብላታለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሙሉ ቀን የቋንቋ ትምህርት ቤት እውላለሁ። ኃላፊያችን ነው የፈቀደልኝ፤ ሥራ ስለማበዛበት በሄድኩ ቁጥር ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ባላስጨንቅዎ ይሻለኝ ነበር፣ ይቅርታ። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አንዲት አሮጊት ከታዘዘላቸው ሌላ ክኒን ተሰጥቷቸው ራሳቸውን አዞራቸው። ደግነቱ ሁለት ፍሬ ብቻ ነው የዋጡት፤ አሁን ድነዋል። ረቡዕ ጠዋት ኃላፊያችን ደረጃውን እየረገጠ ወርዶ “ይህን መሳቢያ የሞላው ማነው?” ሲል ይቅርታ ጠየቅሁ። ጥፋቱ የኔ ነው የሚል ወረቀት አቀረበልኝ፤ ፈረምኩ። ከዚያ ወዲህ መሳቢያ አትንኪ ተብዬ ወለልና መስታወት ነው የማጸዳው። አለቀ፣ ሌላ ምንም የለም። ልቤ ብቻ አልፎ አልፎ ከደረቴ ልትወጣ ትደርሳለች፤ እሱም ያልፋል።

ወረቀቱ ስላለቀብኝ ይቅርታ።

ሁልጊዜ የምታስብዎት፣
ልጅዎ


ኅዳር 4 ቀን

ለኮሽታዬ፤

ያለሽበት አገር ይሙቅሽ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። ጋሼሽ ደህና ነው። ወረቀት እንኳ ኮሽ ሲል ከወንበርሽ ትዘዪ ስለነበር ያወጣሁልሽ ስም ይኸው አድገሽም አልለቀቀሽም።

ደብዳቤሽ ሲመጣ የአንዲት ደንበኛ ወገብ እየለካሁ ነበር። ሴትዮዋን እጇን ወደ ላይ እንዳነሳች ገትሬ አነበብኩት። እሷ ከሄደች በኋላ ደግሜ አነበብኩት። በሦስተኛው የልብስ ጠመኔዬን አንስቼ “ይቅርታ” የምትል ቃል ባገኘሁ ቁጥር ምልክት አደረግሁ። ዘጠኝ! በአንዲት ወረቀት! ለጆሮዬ ሳይቀር ይቅርታ ጠየቅሽ። ጆሮዬ ይቅር ብሎሻል። ወረቀቱ ስላለቀ ግን ምን በደልሽኝ? የወረቀት ፋብሪካው ያንቺ ነው እንዴ?

አሁን ደግሞ የቁም ነገር ጥያቄ አለኝ። ከላይ “ማክሰኞ ማክሰኞ ሙሉ ቀን ትምህርት ቤት እውላለሁ” ትያለሽ። ዝቅ ብለሽ “ማክሰኞ የተሳሳተ ክኒን ተሰጠ፤ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ፈረምኩ” ትያለሽ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እጅጌው ከትከሻው ካልገጠመ አይቼ አላልፍም። ያቺ ማክሰኞ የት ነበርሽ? ይህን ሳትመልሺ ስለ አየሩ ምናምን እንዳትጽፊልኝ።

ክኒኑን ግን አደራ። የጎረቤታችን ባል ያንኑ እየዋጠ እንደ ጎረምሳ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል። ጋሼሽን ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው “ጋራዥ የሚገባ መኪና ነው፤ እኔ ሰው ነኝ” ይለኛል። ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሰው ምን ትይዋለሽ።

ብርድ እንዳይመታሽ። በርቺልኝ።

እትዬሽ


ኅዳር 29 ቀን

ለተወደዱ እትዬ፤

ምርቃትዎ ደርሶኛል፤ አሜን ብያለሁ። እርስዎም በጤና ይክረሙልኝ፤ ክር አይበጠስብዎ፣ መርፌ አይሰበርብዎ።

ማክሰኞ ዕለት አልነበርኩም። ትምህርት ቤት ነበርኩ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ግስ ሳረባ ነው የዋልኩት።

ታዲያ ለምን ይቅርታ ጠየቅሽ ይሉኛል። እኔም ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ። የኃላፊያችን ቢሮ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው የብረት ነው። ሲቆጣ አረማመዱ ይለያል። ያን ቀን ገና ሦስተኛውን ደረጃ ሲረግጥ የያዝኩትን መጥረጊያ አስቀምጬ ቆምኩ። “ማነው የሞላው?” ሲል እኔ መልሱን እያሰብኩ አልነበረም። ቶሎ እንዲያልፍ ብቻ ነበር የፈለግሁት። “ይቅርታ፣ የኔ ጥፋት ነው” አልኩ። ወዲያው ፊቱ ረገበ። እትዬ፣ ያቺን የፊት መርገብ እንዴት እንደምወዳት ብነግርዎ ያፍሩብኛል። ለአንድ ደቂቃ ያህል ሰላም ሆንኩ። ከዚያ ወረቀቱን አመጣ።

መሳቢያውን የሞላው እሱ ራሱ ነው። እኔ በሌለሁ ቀን የኔን ሥራ የሚሸፍነው እሱ ነው፤ ረስቶታል መሰለኝ። እኔም አልነገርኩትም።

የባሰው ነገር የሆነው ባለፈው ሳምንት ነው። አንድ ሰውዬ፣ ጡረታ የወጡ አናጺ፣ ከዚያው መሳቢያ የወጣ ክኒን ለአምስት ቀን ውጠው መንገድ ላይ ወደቁ። ሆስፒታል ተኝተዋል። ይህን ስሰማ ሁሉም ለምሳ እስኪወጡ ጠብቄ መሳቢያውን ከፈትኩ። አዲስ የመጡ የሁለት መድኃኒቶች ካርቶኖች ተደባልቀው ገብተዋል። ሁለቱም ነጭ ናቸው፣ ሁለቱም ሰማያዊ መስመር አለባቸው፣ መጠናቸውም እኩል ነው። አንድ በአንድ ለይቼ አስቀመጥኳቸው። ከመጀመሪያው ስህተት በኋላ መሳቢያውን የፈተሸ ሰው አልነበረም። ለምን ይፈትሹ? ጥፋተኛዋ ተገኝታለች፤ ፈርማለች፤ ወለል እየወለወለች ነው።

እኔ ይቅርታዬ ትህትና ይመስለኝ ነበር። ሰውዬው የወደቁት በዚያችው ይቅርታ ተደናቅፈው ነው።

ስለ ልቤም ልንገርዎ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ስገባ ወንበር ገጨሁና ወንበሩን “ይቅርታ” አልኩት። ሐኪሟ ሳቀች፤ ከዚያ ግን ማዳመጫውን ደረቴ ላይ አድርጋ ብዙ አዳመጠችኝ። “ልብሽ ጤነኛ ናት። የምትሮጠው ስለምትፈሪ ነው። ይቺ ይቅርታ ይቅርታ የምትዪውም ያው ፍርሃቱ ነው፤ በአፍሽ ሲወጣ ነው” አለችኝ። ይቅርታ ልል ስል ሦስት ጊዜ እንድተነፍስ፣ ከዚያ “ምን አጠፋሁ?” ብዬ ራሴን እንድጠይቅ አዘዘችኝ። መልስ ካገኘሁ እንድናገር፣ ካላገኘሁ ዝም እንድል። በየአሥራ አምስት ቀኑ እየተመላለስኩ አያታለሁ።

ስለ ጋሼ ክኒን፦ አልልክም። ለጎረቤት የተስማማው ጋሼን ሊጥላቸው ይችላል፤ አሁን በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ እልካለሁ ያልኩዎት እምቢ ማለት ፈርቼ ነው። ሐኪም ይያቸው። እዚህ ጋ አንድ ቃል ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ጥቁሩ ነጥብ እሱ ነው።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 22 ቀን

ለተወደዱ እትዬ፤

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለቤትዎ ይሁን።

መልስዎ አልመጣም። የደብዳቤ ሳጥኔን ጠዋት ሥራ ስሄድም፣ ስመለስም እከፍታለሁ። ፖስተኛው አሁን ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቅልኛል፤ የለም ማለቱ ነው።

ምን ምን እንዳሰብኩ ብነግርዎ ይስቁብኛል። አንድ ቀን ተቀይመውኛል እላለሁ። በማግስቱ ጋሼ ተቆጥተው ደብዳቤውን ነጥቀውዎት ነው እላለሁ። ከዚያ ደግሞ ታመዋል እላለሁ። አራት ጊዜ አዲስ ወረቀት አውጥቼ “ክኒኑን እልካለሁ፣ አይቀየሙኝ” ብዬ ጀመርኩ፤ አራቱንም ቀደድኳቸው። ለዚህ ሦስት ትንፋሽ አትበቃም፤ ሠላሳም ተነፈስኩ።

አናጺው በመውደቃቸው የኔ ጉዳይ ጥር 20 ይታያል። ከዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች ይመጣሉ፤ ኃላፊያችንና ፋርማሲስቷም ይኖራሉ። የሥራ ፈቃዴ በዚያ ቀን ላይ ተንጠልጥሏል። የፈረምኩት ውሸት ነው ካልኩ ውሸታም ልባል ነው፤ እውነት ነው ካልኩ ሰው የጣለች ልባል ነው። ኃላፊያችን ሲያልፍ “አይዞሽ፣ እንደተጻፈው በይና ይለቅልሻል” ይለኛል። በደግነት ነው የሚለው። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ቢቀየሙኝም ደህንነትዎን በአንዲት መስመር ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ጥር 5 ቀን

ለልጄ፤

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናው፤ ምላስሽንም ጭምር።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ተቀይሜ ነበር። “አልልክም” የምትለውን ሳነብ “ያሳደግኋት ልጅ! ለአንድ እሽግ ክኒን!” ብዬ ደብዳቤሽን ከጨርቅ ክምር ሥር ወሸቅሁት። ሳምንት ሙሉ ስፌቱ ሁሉ ሲጣመምብኝ ሰነበተ። አውጥቼ እንደገና ሳነበው ያቺን ጥቁር ነጥብ አየኋት። ጣቴን አሳረፍኩባት። ምን ያህል ተጭነሽ እንደሰረዝሻት ወረቀቱ ጀርባ ድረስ ይታወቃል። ቅያሜዬ ለቀቀኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ መጻፍ አቃተኝ፤ የምጽፈው ሌላ ነገር እንደሆነ ገባኝና።

የብረት ደረጃ አልሽ። እኛ ቤት የብረት ደረጃ የለም፤ የብረት በር ግን አለ። እናትሽ የአክስቴ ልጅ ነበረች፤ ስትሞት ወደ ቤቴ ያመጣሁሽ በሰባት ዓመትሽ ነው። ጋሼሽ ከመንገድ ሲመለስ በሩን እንዴት እንደሚዘጋው መቼም አትረሺውም። እጁን አንስቶብን አያውቅም፤ ይህን ለራሴ እንደ ምስክር እያቀረብኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። ድምፁ ብቻውን ይበቃ ነበር። በሩ ጓ ሲል ትከሻሽን ይዤ በጆሮሽ “ይቅርታ በይው” እልሽ ነበር።

አንድ ቀን “ምን አድርጌ?” አልሽኝ። የቤት ሥራሽን እየሠራሽ ነበር፤ እርሳሱ በእጅሽ ነው። “ምንም አላደረግሽም፤ ብቻ በይው፣ ይበርድለታል” አልኩሽ። ሄደሽ አልሽው። በረደለት። እኔም ብልህ ሆኜ ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ “ምን አድርጌ?” ብለሽ ጠይቀሽኝ አታውቂም።

ልጄ፣ ያ ልክ አልነበረም። ቁጣውን ማብረድ የራሱ ሥራ ነበር፤ ቢበዛ የኔ ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ሥራ አልነበረም። ይቅርታ አድርጊልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ትርጉሙን አውቄ ነው።

ሌላም ልንገርሽ። ባለፈው ሐሙስ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ጠፋ። “ማነው ያነሳው?” ብሎ ጋሼሽ ጮኸ። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ነን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ “ይቅርታ፣ ቆይ ልፈልግልህ” እያልኩ የምነሳ ሴትዮ ነኝና እግሬ እኔን ሳይጠይቅ ሊነሳ ነበር። ሐኪምሽ ትዝ አለችኝና ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ። “እኔ አላነሳሁም” አልኩና የስፌት መኪናዬን መርገጥ ቀጠልኩ። ልቤ ከመኪናው እኩል ትሮጣለች።

“ምን አልሽ?” አለ።

“ሰምተኸኛል። ጆሮው የደከመው የኔ ነው” አልኩት።

መሳቢያ ሲከፍት፣ ትራስ ሲያገላብጥ ቆየ። ሩብ ሰዓት ያህል አልፎ መጣና አጠገቤ ቆመ። “ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነበር” አለ። ሌላ አልጨመረም። ለሱ ይሄ ብዙ ነው።

በማግስቱ ጫማውን አስሮ “ሐኪም ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ?” አለኝ። ደንግጬ መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ሄድን። ሐኪሙ የጎረቤታችንን ክኒን ስም ስነግረው “ለዚህ ሰው ኩላሊት አይሆንም፤ እንኳንም አልዋጠው” ብሎ ሌላ አዘዘለት። ስለዚህ ምንም አትላኪ። ወሬሽን ብቻ ላኪ።

ጥር 20 ላይ ያየሽውን ተናገሪ። በዚያ ላይ አትጨምሪ፣ ከዚያም አትቀንሺ።

እትዬሽ


የካቲት 3 ቀን

ለተወደዱ እትዬ፤

ቸር ይዋሉ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ስለ እርሳሱ ቀን የጻፉትን በአንድ ጊዜ ማንበብ አልቻልኩም። አንድ መስመር አንብቤ አጥፈዋለሁ፤ ቆይቼ ደግሞ ሌላ መስመር። ስለ እሱ በኋላ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ስብሰባውን ልንገርዎ።

ረጅም ጠረጴዛ ያለበት ክፍል ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡት አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ሴትና አንድ የሚጽፍ ሰውዬ ናቸው። ኃላፊያችን ከጎኔ፣ ፋርማሲስቷ ከፊቴ ተቀመጡ። ሴትየዋ ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ።

“ይህ ያንቺ ፊርማ ነው?”

“አዎ።”

“የተጻፈውስ እውነት ነው?”

“ይቅርታ” የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆሞ ነበር፤ ከለቀቅሁት ሁሉም ፊቱ ሊረግብ ነው። ተነፈስኩ። ምን አጠፋሁ አልኩ። ደግሜ ተነፈስኩ። ሰውዬው መጻፉን ትቶ ቀና ብሎ አየኝ።

“እውነት አይደለም” አልኩ። “ማክሰኞ ዕለት አልነበርኩም።” የቋንቋ አስተማሪዬ የሰጡኝን፣ ያን ቀን ክፍል መገኘቴን የሚያሳይ ወረቀት አወጣሁ።

ኃላፊያችን ወደኔ ዞረ። “ታዲያ ለምን ፈረምሽ?”

“ስለፈራሁ።”

“ማንን?”

“እርስዎን። ከእርስዎ በፊትም ሌላ ሰው እፈራ ነበር፤ ሁሉም በእርስዎ የመጣ አይደለም።”

ከዚያ ሁለቱ ካርቶኖች እንዲመጡልኝ ጠየቅሁ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አቁሜ ሴትየዋን “እባክዎ ከተቀመጡበት ሆነው የግራው የትኛው መድኃኒት እንደሆነ ይንገሩኝ” አልኳቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው በሙሉ ልብ ተናገሩ። ተሳስተው ነበር። ተነስተው ቀርበው አነበቡትና ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ኃላፊያችን እጁን ሲያሻሽ ቆየና “ማክሰኞ መሳቢያውን የሞላሁት እኔ ነኝ” አለ። “ረስቼው ነው። እሷ ‘የኔ ጥፋት ነው’ ስትል ሌላ ማሰብ አቆምኩ።” ፋርማሲስቷም “ስሙን አንብቤ መስጠት የነበረብኝ እኔ ነኝ” አለች።

እንዲህ አለቀ። ሁለቱ መድኃኒቶች አሁን በተለያየ ግድግዳ ላይ ናቸው። ከመሰጠታቸው በፊት ሁለት ሰው ያነባቸዋል። ለኃላፊያችንና ለፋርማሲስቷም የየድርሻቸው ቅጣት ተሰጥቷቸዋል። ለእኔ ሐሰት በመፈረሜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ያገኘሁት ተገቢውን ነው። የሥራ ፈቃዴ ግን አልተነካም። ከሰኞ ጀምሮ ወደ መሳቢያዬ ተመልሻለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ቅዳሜ አናጺው ሰውዬ ቤት ሄድኩ፤ ከሆስፒታል ወጥተዋል። በከዘራ ተደግፈው በሩን ከፈቱልኝ። ገብቼ ሳልቀመጥ ተናገርኩ። “መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ አይደለሁም። ግን ያላጠፋሁትን አጠፋሁ ብዬ ስለፈረምኩ ትክክለኛውን ምክንያት የፈለገ ሰው አልነበረም። በዚያ የተነሳ እርስዎ ወደቁ። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።”

እንደ ልማዴ ሌላ ይቅርታ ላዩ ላይ አልደረብኩም። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ ያልኩት ቃል የዚያን ዕለት ክብደት ነበረው። የሰውዬው ፊት አልረገበም። እትዬ፣ ፊቱ ካልረገበ ሰው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

“ተናድጃለሁ” አሉ በመጨረሻ።

“እሺ” አልኩ።

“ነገም የምናደድ ይመስለኛል። መጥተሽ ስለነገርሽኝ ግን ደግ አደረግሽ።” ውሃ ቀዱልኝ። ጠጥቼ፣ የሠሩትን የመጽሐፍ መደርደሪያ አሳይተውኝ፣ ወጣሁ።

ልጅዎ


የካቲት 28 ቀን

ለልጄ፤

እልል ልል ነበር፣ ደንበኛ ፊት ሆኖብኝ ተውኩት። እጇን ወደ ላይ የገተርኳት ያቺው ሴትዮ ነበረች፤ “ምን ተገኘ?” ስትለኝ “ልጄ አልነበርኩም አለች” አልኳት። ምንም አልገባትም፤ አብራኝ ግን ሳቀች።

ፈጣሪ ያሰብሽው ይሙላልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ስለ ጋሼሽ እስከዛሬ የምጽፍልሽ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ራሱ ይናገር። ከታች ያለው የሱ ጽሑፍ ነው፤ ሁለት ቀን ፈጀበት። አላረምኩትም።

እትዬሽ

ይህን የምጽፈው ጋሼሽ ነኝ። ደብዳቤ አልችልበትም። እትዬሽ ያንቺን ጮክ ብላ ስታነብልኝ አንድ ቦታ ላይ ዘለለች። ሠላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬ መዝለሏን አጥቼው ነው? ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት። “ከእርስዎ በፊትም ሌላ ሰው እፈራ ነበር” ይላል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ያኔ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎኝ፣ ከሞት አፍ ተርፌ ቤት የገባሁባቸው ብዙ ቀኖች አሉ። ፈራሁ ማለት አልችልም ነበር፤ ስለዚህ እጮህ ነበር። ይህ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ስትደነግጪ አይሽ ነበር። እያየሁ ዝም አልኩ። አጥፍቻለሁ። ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። መልስ ባትጽፊልኝም ቅር አይለኝም።


መጋቢት 17 ቀን

ለእትዬና ለጋሼ፤

ለሁለታችሁ አንድ ላይ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ጤናና ረጅም ዕድሜ ለሁለታችሁም ይሁን።

እትዬ፣ የእርስዎን አንብቤ ጨርሻለሁ። ሳነበው አለቀስኩ፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ጠዋት ስነሳ ቀለል ብሎኝ ነበር። ይቅር ብዬዎታለሁ። ያን ጊዜ እርስዎም ፈርተው እንደነበር አሁን ይገባኛል። “ምን አድርጌ?” የምትለዋን ጥያቄ መልሼ አግኝቻታለሁ፤ በቀን አንድ ሁለቴ እጠይቃታለሁ።

ጋሼ፣ የእርስዎን ያነበብኩት አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። አውቶቡሱ መጥቶ ቆሞ ሄደ፤ እኔ አላየሁትም። “ምንም አይደለም” ብዬ ልጽፍልዎ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ እሱም ያው የድሮው ልማዴ ነው። ምንም አይደለም አልልም። ልጅ ሆኜ የእርስዎ መምጫ ሲደርስ ሆዴን ያመኝ ነበር። ይቅር ብያለሁ ለማለት ገና ነኝ፤ ያልኩ ቀን ከልቤ እንዲሆን እፈልጋለሁ። በእጅዎ ስለጻፉልኝ ግን ደስ ብሎኛል። እንደሚፈሩ አላውቅም ነበር።

ኃላፊያችን ሰኔ ላይ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ሰጥቶኛል። ስጠይቀው ይቅርታ አላልኩም፤ “ፈቃድ እፈልጋለሁ” ነው ያልኩት፤ “መቼ?” ብቻ አለኝ። ትኬቱን ቆርጫለሁ።

ጋሼ፣ አንድ የምጠይቅዎ ነገር አለኝ። እዚህ መንጃ ፈቃድ ላወጣ ነው፤ መሪ ግን ይዤ አላውቅም። ስመጣ ጠዋት ጠዋት የጎረቤታችንን መኪና ተውሰን ያስተምሩኝ። ማርሽ እንደማሳስት፣ መሐል መንገድ ላይ ሞተሩን እንደማጠፋ ከአሁኑ ይወቁት። የሆነ ነገር ከገጨሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ካልገጨሁ አልጠይቅም። እርስዎ ከጮኹብኝ መኪናውን ዳር አስይዤ፣ ሞተሩን አጥፍቼ እወርዳለሁ። ትንሽ ወዲያ ወዲህ ብዬ፣ እርስዎም እኔም ሲበርድልን ተመልሼ እገባለሁ፤ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ልጃችሁ